ላሊበላን በሦስት ቀን፦ ከደሴም ከአዲስ አበባም ለሚነሳ መንገደኛ

ላሊበላ ሄዶ ደክሞት ብቻ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በጊዜ አያያዝ ነው። ማታ ይደርሳል፤ በማግስቱ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን አዳርሶ በሦስተኛው ቀን ሌሊት መኪና ይሳፈራል። ከስድስተኛው ቤተ ክርስቲያን በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይደባለቅበታል፤ ጉልበቱ ይዝላል፤ እኩሌታዎቹን በር ደግሞ ተዘግተው ያገኛቸዋል። ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ግን ሳይቸኩል ሁሉንም ያያል፤ በዙሪያው ካሉት ገዳማት አንዱን ይጨምራል፤ ቅዳሴም ያስቀድሳል። ከታች የሰፈረው ምክር በሙሉ ለሦስት ሌሊት የተሰናዳ ነው። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ያለው ሰው ጉዞውን ቢያስተላልፈው ይሻለዋል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ ዞሮ ደሴ ይወጣል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ ያልፋል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥታችሁ ጋሸና ስትደርሱ ዋናው መንገድ ወደ ወረታ ይቀጥላል፤ የላሊበላው ወደ ሰሜን ይገነጠላል። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ጠመዝማዛ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ያዙለት።

አብዛኛው መንገደኛ የሚቸገረው ጋሸና ላይ ነው። ቦታው ደጋ ነው፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተሳፋሪው ስለሚሳሳ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ አለ። ሲመሽ የሚነሳ መኪና ቢገኝ እንኳ በዚያ መንገድ በጨለማ መሄድ አይመከርም። ስለዚህ ጉዞውን እንዲህ ክፈሉት፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴ ወይም ወልድያ ይደር። ከደሴ የሚነሳ ሰው ንጋት 11 ሰዓት መናኸሪያ ይገኝ፤ ቢዘገይ ከ6 ሰዓት በፊት ጋሸና ለመድረስ ያቅድ። ወልድያ ላይ ትኬት ስትቆርጡ መኪናው በቀጥታ ላሊበላ የሚገባ መሆኑን ረዳቱን ጠይቁት፤ ጋሸና ላይ የሚያወርድ ከሆነ ሒሳቡን እስከዚያ ብቻ ክፈሉ።

ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ። በአንድ ጉዞ ውስጥ ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ፣ ጋሸና ላይ እንደገና ብርድ አለ። ሹራቡን መኪናው ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ካስቀመጣችሁት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት አታገኙትም፤ በእጅ ይያዝ። መኪና የሚያዞረው ሰው ከፊት ወንበር ይያዝ። ከመነሳቱ በፊት ደረቅ ዳቦ ይቅመስ እንጂ ወጥ አይብላ፤ ስልኩን እያየ አይሂድ። የማስመለስ መከላከያ ክኒን የሚወስድ ከሆነ መኪናው ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጠው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙም አይረዳም።

በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማዋ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሆቴሎች መኪና ይልካሉ። አስቀድሞ ደውሎ ዋጋ መነጋገር ነው።

አንድ ነገር በምንም ምክንያት አይታለፍ። ወሎ ባለፉት ዓመታት ጦርነት አይቷል፤ ከዚያም በኋላ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀንና በዚያው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰው ጠይቁ፦ አንድ በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር፣ አንድ ላሊበላ ያለ የሆቴል ሰው። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ አትነሱ። በየኬላው ስለሚጠየቅ መታወቂያ በኪስ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር።

መቼ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። ዝናቡ አባርቷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ዐለቱ ይረጥባል። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ከዘመን ብዛት በእግር ተሞርዶ ሲረጥብ ያንሸራትታል። አብያተ ክርስቲያናቱን በሚያገናኙት ቦዮች ውስጥ በክረምት እጅም እግርም ይሰበራል።

የገናን በዓል ለማክበር የሚሄድ ሰው የተለየ ዝግጅት ያስፈልገዋል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። ቀኑ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው፣ ብዙው በእግሩ ቀናት ተጉዞ ይመጣል፤ ከተማዋ ሞልታ ገደሉ ሁሉ ሰው ይለብሳል። አልጋ ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ከወትሮው እጅግ ይርቃል። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ፣ ተቀድሶ ሲነጋ በቤተ ማርያም ቅጥር «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል። ከላይ በዐለቱ ጫፍ የሚቆሙት መላእክትን፣ ከታች ግቢ ውስጥ የሚቆሙት እረኞችን ይወክላሉ። ይህን ለማየት ቦታ መያዝ የሚቻለው ሌሊት ነው፤ ነግቶ የመጣ ሰው ድምፁን እንጂ ካህናቱን አያይም። ጫፍ ላይ ግን አትቁሙ። ከኋላ የሚገፋ ሰው አለ፤ ከፊት መከለያ የለም። ሕፃን ያዘለች እናት ከግቢው ውስጥ ትራቅ፤ ከላይ ከዳገቱ ላይ ድምፁ በደንብ ይሰማል።

ግፊያውን ለማይችል ሰው ሰኔ 12 የንጉሡ መታሰቢያ ነው፤ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት አለ። ሁለቱም ደምቀው ይከበራሉ፤ ሕዝቡ ግን ከገናው ያነሰ ነው።

ከፍታው

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደሴ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ደሴም እዚያው ከፍታ ላይ ናት። የሚቸገረው ከጅቡቲ፣ ከአፋር ወይም ከዓረብ አገር ለዕረፍት መጥቶ በቀጥታ የሚሄደው ነው። በዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገባው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥ፣ ደረጃ ሲወጡ የልብ መምታት የመጀመሪያው ቀን ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የደረሳችሁ ዕለት ዳገት አትውጡ፣ ውሃ በብዛት ጠጡ፣ ጠጅ ለሁለተኛው ቀን ይቆይ። አብሽሩ፣ አብዛኛው ሰው በማግስቱ ይለምደዋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ካመጣ ግን መተኛት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የሚያዝ ነገር

ጫማ ከሁሉም ይበልጣል። በየበሩ ይወለቃል፤ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ክር መፍታትና ማሰር ያሰለቻል። ስለዚህ ክር የሌለው ወይም በቀላሉ የሚወልቅ፣ ግን ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ይሁን። ሶሉ የለሰለሰ ጫማ በቦዮቹ ውስጥ አደገኛ ነው። ወፍራም ካልሲ ሁለት ጥንድ ያዙ። ወለሉ ዐለት ስለሆነ በማለዳ እግር ያደነዝዛል፤ በምንጣፉ ውስጥ ደግሞ ቁንጫ አለ። ካልሲውን ሱሪው ላይ አውጥቶ መልበስ፣ ከመግባት በፊት ቁርጭምጭሚት ላይ የተባይ መከላከያ መቀባት ይበቃል። ማታ ልብሱን አልጋ ላይ አትጣሉት፤ ውጭ አራግፉት።

ባትሪ መብራት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። የስልክ መብራትም ይሠራል፤ ግን በጠባብ ዋሻ ውስጥ አንድ እጅ ግድግዳ መያዝ ስላለበት ስልክ ይወድቃል፤ ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻላል። ነጠላ ለሴቶችም ለወንዶችም። ሹራብና ለሌሊት ወፍራም ልብስ። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ የተዘረዘረ፦ ለጫማ ጠባቂ፣ ለምጽዋት፣ ለባጃጅ። በከተማዋ ባንኮች አሉ፣ ቴሌብርም ይሠራል፤ ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይቆማል። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ኖራለች። ለሦስት ቀን የሚበቃችሁን ከደሴ ወይም ከወልድያ አውጥታችሁ ሂዱ። ሆቴል ስትይዙ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ውሃ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ጀነሬተር አላችሁ?» በሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት

ለጎብኚ በሮቹ የሚከፈቱት ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያም ከ8 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህን ሁሉም አስጎብኚ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የሚረሳው የጾሙን ነገር ነው። በፍስክ ቀን ቅዳሴ በማለዳ ያልቃል፤ ጎብኚ ሲመጣ በሩ ነጻ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ግን ቅዳሴው ወደ ቀትር ይዘልቃል፤ የሚወጡት ወደ 9 ሰዓት ነው። በጾም ቀን የከሰዓቱን ጉብኝት 8 ሰዓት ላይ የቀጠረ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በጾም ቀን ዋናውን ጉብኝት ጠዋት ጨርሱ፤ ከሰዓቱን ለእግር ጉዞ ወይም ለገበያ ተዉት።

ወርኃዊ በዓልም አለ። ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መርቆሬዎስ በ25፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ አማኑኤል በ28። በዚያ ቀን የዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሞላል። ለማስቀደስ የመጣ ሰው ቀኑን ያግኘው፤ ፍልፍሉን ረጋ ብሎ ለማየት የሚሻ ሰው ያን ቤት በሌላ ቀን ይየው።

ቅዳሴ እየተቀደሰ ፎቶ አይነሳም። በሌላ ጊዜም ፍላሽ ይጥፋ፤ የግድግዳ ሥዕሉን ቀለም ይጎዳል። ካህኑ መስቀል አውጥተው ሲያሳዩ አስፈቅዳችሁ አንሱ። የምትሰጡት ካለ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱት፤ ለእርሳቸው ለመስጠት ከሆነ «አባ፣ ለእርስዎ ነው» ብሎ በግልጽ መስጠት ነው። ሙስሊም ጎብኚዎችም ይመጣሉ፤ ወሎ አይደለ! ጫማ አውልቆ፣ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ፣ አስጎብኚው እስከፈቀደበት መግባት ይቻላል። ወደ መቅደሱ መጋረጃ ማንም አይጠጋም። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ አጠገቡ ያለው ቤተ ሚካኤል ግን ይገባሉ።

አስጎብኚ

ያለ አስጎብኚ ማየት ይቻላል፤ ግን አይመከርም። ቦዮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ብዙው ነገር ካልተነገረ ዐለት ብቻ ሆኖ ያልፋል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ ጠይቃችሁ እዩት። ዋጋው ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን፣ የትኞቹን እንደሚያካትት ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁልጊዜ «ለአንድ ቀን» የተባለው ግማሽ ቀን ሲሆን ነው። ብዙ አትከራከሩ። ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው ከተማዋን ያለ እንግዳ አክርመዋታል፤ አስጎብኚውም፣ ጫማ ጠባቂውም፣ በቅሎ ጫኙም የሚኖሩት በመንገደኛ ነው። ተገቢውን ክፈሉ።

ትኬት የሚቆረጠው በመጀመሪያው የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ መግቢያ አጠገብ ነው። የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ የተለያየ ስለሆነ መታወቂያ ይያዝ፤ የውጭ ፓስፖርት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዱን ያምጣ።

ልጆች ደብተር ወይም ኳስ ግዙልን ብለው ይከተላሉ። ከሱቅ የተገዛ ደብተር ብዙ ጊዜ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ ልጁም ነገ ከትምህርት ቀርቶ እንግዳ ይጠብቃል። መርዳት የሚፈልግ ሰው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይስጥ።

አካሄዱ

በደረሳችሁበት ቀን፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ብቻ እዩት፤ አትውረዱ። መስቀል ቅርጽ ሆኖ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ተፈልፍሏል። ጉድጓዱ የሕንጻውን ያህል ጥልቅ ስለሆነ ማለዳና ማታ ከወገቡ በታች ጥላ ይውጠዋል፤ ከላይ ያለው መስቀል ብቻ በብርሃን ይቀራል። ለፎቶ ይህ ነው የሚያምረው። ግድግዳውንና መስኮቱን አጥርቶ ለማንሳት ደግሞ ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ ነው፤ ያን ለሌላ ቀን ያዙት። ጫፉ አጥር የለውም፤ ፎቶ ስታነሱ ወደ ኋላ አትራመዱ።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ምድብ ነው፦ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ሚካኤልና ጎልጎታ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉም ይተልቃል፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያልፋል። «አፍሮ አይገባ» የሚባለው መስቀል ያለው እዚህ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በ1993 ዓ.ም. ከውጭ አገር ተመልሷል። ቤተ ማርያም ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚገባት እርሷ ናት። ጣሪያዋንና ቅስቶቿን ቀና ብላችሁ ካላያችሁ ሥዕሉና ቅርጹ ያመልጣችኋል። በመካከል በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድ አምደ ብርሃን ይባላል፤ አይነካም፣ አይገለጥም። ግቢዋ ውስጥ ያለው ኩሬ ልጅ የሚሹ ሴቶች በበዓሉ በገመድ ታስረው የሚነከሩበት ነው። በጎልጎታ የንጉሡ መቃብር አለ።

ከላይ የምታዩት ትልቅ የብረት ጣሪያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዝናብ ለመከላከል የተተከለ ነው። ውሃ በዐለቱ ስንጥቅ ገብቶ ይሸረሽረዋል፤ ጣሪያው ያን ለመግታት ነው። ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ ለፎቶ አይመችም፤ ሰፊውን ሕንጻ ከማንሳት የበሩንና የመስኮቱን ጥርብ ማንሳት ይሻላል።

ከምሳ በኋላ፣ ፍስክ ከሆነ፣ ዮርዳኖስ የሚባለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ሁለተኛው ምድብ፦ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አማኑኤል፣ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ልሔም። ወደ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው ጥልቅ ቦይ በሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ታች ሳያይ ይለፍ። ከዚያ ወደ መርቆሬዎስ የሚወስደው ጨለማ ዋሻ ሲኦልን ያመለክታል ይባላል። ልማዱ ያለ መብራት፣ ቀኝ እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ግራውን ከጭንቅላት በላይ ይዞ ማለፍ ነው። ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ ስላለ ረጅም ሰው ግንባሩን ይመታል፤ ጎንበስ ይበል። ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው በውጭ መንገድ ይዙር፤ አስጎብኚው ያውቀዋል። አባ ሊባኖስ ዙሪያው ከዐለቱ ተላቆ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ንግሥት መስቀል ክብራ በአንድ ሌሊት በመላእክት እርዳታ አሠራችው የሚባለው እርሱ ነው። አማኑኤልን በደንብ ተመልከቱት። ግድግዳው ላይ ወጣ ገባ እያለ የሚዞረው አግዳሚ መስመር ለጌጥ ብቻ የተቀረጸ አይደለም። በእንጨትና በድንጋይ እየተፈራረቀ ይሠራ የነበረው የአክሱም ሕንጻ በዐለት ላይ የተቀዳ ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው ሦስተኛውን ቀን ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሦስተኛው ቀን፦ ይምርሐነ ክርስቶስ ወይስ አሸተን?

ሁለቱን በአንድ ቀን አትደርቡ። አንዱን ምረጡ።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከከተማዋ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላሊበላ በፊት በነገሠው በዚያው ስም በሚጠራው ንጉሥ ጊዜ፣ በትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። የተፈለፈለ ሳይሆን የታነጸ ነው፦ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ። አማኑኤል ላይ በዐለት ያያችሁት እዚህ በእውነተኛው እንጨት ይታያል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ላለው ሰው ምርጫው ይህ ይሁን። ከዋሻው ጀርባ የተሳላሚዎች አጽም ተኝቷል፤ ሕፃናትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መኪናው ከቆመበት በጥዱ ደን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት አለ። መንገዱ ሸካራ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ፤ በክረምት ሹፌሩን «ሰሞኑን ማን ሄዷል?» ብላችሁ ጠይቁ። 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። ምሳ እዚያ አይገኝም፤ በሶና ቆሎ ያዙ። በመንገድ ላይ ቢልባላ ጊዮርጊስ አለ፤ በግድግዳው ውስጥ ንቦች የሚኖሩበት ነው። ሽቱ የተቀባ ሰው አይጠጋ።

አሸተን ማርያም ከከተማዋ በላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስወጣል፤ መውረጃው ያነሰ ነው፤ ጉልበት የሚጎዳው ግን መውረጃው ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፤ ፀሐዩ ከ4 ሰዓት በኋላ ያቃጥላል። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ በትር። በቅሎ መከራየት ይቻላል፤ ዋጋው ደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጡ። ሆኖም ሲወርዱ በቁልቁለቱ ላይ ከበቅሎ መውረድ ግድ ነው፤ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ያን ገደል የሚወርድ ሰው አደጋ እየጠራ ነው። ከላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ትንፋሽ ሰብስቡ፤ ካህኑ እስኪመጡ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ደጋ ነውና ያላባችሁበትን ሸሚዝ በሹራብ ሸፍኑት።

አቅም ለሌለው ሰው ነአኩቶ ለአብ ይበቃዋል፤ በአየር ማረፊያው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዋሻ ውስጥ ያለ ሲሆን ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል። በባጃጅ ይደረሳል። አቡነ ዮሴፍን፣ ከ4,200 ሜትር የሚያልፈውን ተራራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመኝ ሰው ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን ይጨምር፤ ላሊበላ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሳያድር ወደዚያ አይውጣ።

ምግብና ቡና

ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በፍስክ ጥብስ በየቤቱ አለ። በጾም ወራት የፍስክ ምግብ የሚገኘው በጥቂት ሆቴሎች ብቻ ነው። ሰላጣና ያልተላጠ ፍራፍሬ ተዉ፤ ውሃው ስለማይታመን ሆድ ያበላሻል። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከዙሪያው ገጠር ሰው እህልና ከብት ይዞ ይመጣል። ከ4 ሰዓት በኋላ ይሞቃል።

ቡና የጠራችሁ ቤት ካለ ጊዜ ይዛችሁ ግቡ። አቦል ጠጥቶ «እንሂድ» ማለት ባለቤቲቱን ያሳዝናል፤ በረካ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያልፋል። ባዶ እጅ ላለመግባት ስኳር ወይም ቡና ይበቃል።

የላስታ ማር ለቤት ይዞ መመለስ የብዙዎች ልማድ ነው፤ የንጉሡም ስም ከንቦቹ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ስትገዙ በጣት ሳይሆን በማንኪያ ከሥሩ አስወጥታችሁ ቅመሱ፤ ከላይ ጥሩ፣ ከታች ስኳር የተደባለቀበት ይኖራል። በጠባብ አፍ ጠርሙስ አትውሰዱት፤ በብርድ ሲረጋ አይወጣም። አፉ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ያዙ፤ አንድ ሦስተኛውን ባዶ ተዉት። ከጋሸና ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲገባ ይቀጥንና በክዳኑ ሊፈስ ይችላል፤ ሻንጣውም ልብሱም ማር ይሆናል። በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አቁሙት። የመመለሻውን ወንበር ደግሞ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ ያዙ፤ መኪኖቹ የሚነሱት ሳይነጋ ነው፤ ሲነጋ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የመጨረሻውን ረድፍ ነው።